ጠመኔ በዲንቄ በር ላይ

«ልጅሽን ማን ላካት?»

ዲንቄ ይህን ስትጠይቅ ታደለች ለአንዲት ሴትዮ በርበሬ እየሰፈረች ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሾላ ገበያ ሰው ከሰው ይተሻሻል፣ የታክሲው ረዳት ይጣራል፣ ተሸካሚው ከመንገድ ዞር በሉ እያለ በጆንያው ይገፈትራል። ታደለች ጥያቄውን በግማሽ ጆሮዋ ሰምታ፣ ቀልድ መስሏት፣ ፈገግ እንዳለች ቀና አለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

የዲንቄ ግንባር በአሮጌ ሻሽ ተጠምጥሟል። ሻሹ ላይ ደም ደርቆ ጠቁሯል። ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ የቀሚሷ እጅጌ ከትከሻው ተቦጭቆ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀርባዋ አዝላ የምታመጣው የቅቤ ቅል አብሯት የለም።

ታደለች ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባትም። ምን ሆነሽ ነው፣ ማን ነው የመታሽ፣ እያለች የተቀመጠችበትን በርጩማ ለቀቀችላት። ዲንቄ አልተቀመጠችም።

ዲንቄ ከታደለች ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ የምትኖር ቅቤ ሻጭ ናት። የራሷ መደብ ስለሌላት ለዓመታት ቅቤዋን የሸጠችው ከታደለች መደብ ጎን ቁጭ ብላ ነው። ታደለች ስትታመም በርበሬዋን ሸጣላታለች። የታደለች ባል የሞተ ጊዜም ከዳገቱ ወርዳ፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ማጀቱን የያዘችው እሷ ነበረች። አንዷ ጴንጤ ሌላዋ ኦርቶዶክስ መሆናቸው መቀላለጃቸው እንጂ መጣያቸው ሆኖ አያውቅም። «በሁዳዴ ቅቤ የሚገዛኝ ያንቺ ቸርች ብቻ ነው፤ እግዜር ያብዛችሁ» ትል ነበር ዲንቄ።

ዛሬ ቀልድ የለም። ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሆነውን ነገረቻት።

ሐሙስ ገና ጎሕ ሲቀድ ዶዘር ወደ ዳገቱ ወጣ። ከኋላው ዱላ የያዙ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ነበሩ። የዲንቄ ቤት ጨረቃ ቤት ነው፤ ቀን የሚፈቅድላቸው ስላልነበረ እሷና ባሏ ቱሉ፣ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ፣ በጨረቃ ብርሃን ማገሩን አቁመው፣ ጭቃውን መርገው፣ ሲነጋ ገብተው የተኙበት ነው። አፍራሾቹ ውጡ ሲሉ ዲንቄ ልጆቿን ስታወጣ ቱሉ መጥረቢያውን ይዞ ጣራው ላይ ወጣ። ሬሳዬን ነው የምታወርዱት አላቸው። በእግሩ ጎትተው አወረዱት። ሲወድቅ ጭንቅላቱ የደጃፉን ድንጋይ መታ፤ ወድቆም አልተዉትም፣ በዱላ ጎኑን ይሉት ጀመር። ዲንቄ ላዩ ላይ ተኛችበት። በሰደፍ ግንባሯን ያሏት ያን ጊዜ ነው። ዶዘሩ ግድግዳውን ከነአልጋው፣ ከነእህሉ፣ ከታሰረችው ፍየል ጋር ደፈጠጠው። የፍየሏ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ አለች። ቱሉ ሆስፒታል ተኝቷል። ከጆሮው ደም ይወርዳል፣ አይናገርም።

«አሁን ስሚኝ ታዱ» አለች ዲንቄ። «በሬ ላይ ቁጥር ተጽፎበት ነበር። በነጭ። የጎረቤታችን የልደቱም በር ላይ፣ የሌሎቹም። የጻፈችው ያንቺ ልጅ ናት። በዚህ ባልጠፋው ዓይኔ አይቻታለሁ። ጽፋ፣ ራቅ ብላ ፎቶ አነሳች። ጠዋት አነሳች፣ ማታ ተመልሳ አነሳች። ምንድን ነው ልጄ ብላት፣ ለመለማመድ ነው እትዬ አለችኝ። እኔ ጅሏ ውሃ አጠጣኋት።»

ታደለች የበርበሬ መስፈሪያውን ጣሳ አስቀመጠች።

ልጇ ርሆቦት ፎቶ ማንሳት የጀመረችው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ጊዜው ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ሞባይል የያዘ ሰው ገና ዞር ተብሎ የሚታይበት። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ሳለ፣ አሰብ በሚመላለስበት ዘመን የገዛውን ዜኒት ካሜራ አንድም ቀን ሳያነሳበት ሻንጣ ውስጥ ትቶት ሞተ። ልጅቱ እሱ ከተቀበረ ወዲህ ከመሥሪያ ቤቷ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ አልጋ ሆና ነበር። ጸሐፊ ናት፤ ቀን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ትመታለች፣ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ካሜራውን ያገኘች ለት ግን እንደ ልጅነቷ ሳቀች። ታደለች ያን ሳቅ ከሰማች በኋላ ካሜራው ምንም ይሁን ምን ይኑር ብላ ፈቀደች።

ያስተማራት አስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት ያለው ሀሚድ ነው። እርጋታ ያለው፣ ጠና ያለ ሰው ነው። ፊልም እንዴት እንደሚገባ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ አሳያት። ፊልሙን ብርሃን ከነካው ተቃጠለ ማለት ነው፣ ክዳኑን እንዳትከፍቺ አላት። ከዚያ የጀማሪ ሥራ ሰጣት። ጀማሪ ከሰው አይጀምርም አላት፤ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ያፍራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ቤት አንሺ። አንዱን ቤት ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም አንሺና ፀሐይ ምን እንደምትሠራው እዪ። የትኛውን ፎቶ በምን ዓይነት ብርሃን እንዳነሳሽም ምልክት ያዢ።

ርሆቦት ምልክቱን በወረቀት መያዝ ሰለቻት፤ ወረቀቱ ይጠፋባታል፣ ቤቶቹ ይምታቱባታል። የራሷን ዘዴ አመጣች። ቤቱ ላይ ቁጥር ብጽፍ፣ ፊልሙ ሲታጠብ ቁጥሩ እዚያው ፎቶው ውስጥ ይወጣልኛል አለች። በዘዴዋም ኮራች። ጠመኔውን የሰጠቻት ታደለች ናት። ታደለች ማታ ማታ ቀበሌው አዳራሽ ፊደል ትማር ነበርና አስተማሪዋ ቤታችሁ ተለማመዱበት ብላ ያደለቻቸውን ጠመኔ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠቻት። ዳገት ላይ እንዳትንሸራተት፣ ጅብ እንዳያገኛት፣ ዝናብ እንዳይመታት፣ ወንድ እንዳይከተላት፣ ሁሉን ተጨንቃ ነበር። ስለ ቁጥር መጨነቅ ግን አልመጣላትም።

እዚያ ዳገት ላይ ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ ነው፣ የተጠመቀ ሕፃን ነው። የጭቃ ቤት ፎቶ የሚያነሳ፣ ሊያፈርስ የመጣ ብቻ ነው። ያን የዳገቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቁጥር ያልተጻፈባቸው ቤቶችም ሐሙስ ዕለት ፈርሰዋል፤ ዶዘሩ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ነው የጠረገው። ያንን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

«ወንዶቹ እየፈለጓት ነው» አለች ዲንቄ። «የማን ልጅ እንደሆነች አልተናገርኩም። ስለ እንጀራችን ብዬ ነው ያልተናገርኩት። ግን ንገሪኝ፣ ማነው የላካት? ቀበሌው ነው? ስንት ዓመት አብረን ተቀምጠን፣ ቢያንስ ሽሹ አትዪንም ነበር?»

ታደለች አፏን ከፈተች። ሀሚድን፣ ጠመኔውን፣ ፀሐይን፣ የቱን ከየት ጀምራ እንደምታስረዳት ጠፋት። እውነቱ ራሱ ውሸት ይመስል ነበር። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፤ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ርሆቦት ቅዳሜ ሥራ የላትም። ስለ ዶዘሩ የሰማችው ነገር የለም። ጠዋት ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዳቦ እየገመጠች፣ የጠዋቷን ፀሐይ እንዳታመልጠኝ ብላ ወጥታለች።

በርበሬውን እንደተከፈተ ትታው ሮጠች።

ታክሲው እስከ ፈረንሳይ ድረስ በየቦታው ቆመ። ታደለች ውስጥ ሆና ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ከጎኗ ዲንቄ ግንባሯን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች። ለምን እንደተከተለቻት አልተናገረችም። አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ግን ዲንቄ አንድ ግንብ ተደገፈች። ራሴን እያዞረኝ ነው፣ አንቺ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ አለቻት። ታደለች ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወጣች።

ርሆቦት ኋላ እንደተናገረችው፣ ዳገቱ ላይ ስትደርስ ያየችውን ማመን አቅቷት ነበር የቆመችው። ቤቶቿ የሉም። የእሷ ቤቶች ነበር የምትላቸው። በቦታቸው የተሰባበረ ማገር፣ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ልብስ አለ። ሰዎች ፍርስራሹን ይቆፍራሉ። ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ሀሚድ ያለማመዳት እጇ ብቻውን ሄደና ካሜራውን ዓይኗ ላይ አደረገው። ጠቅ አደረገች።

የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻዋን አገኛት። ሁለተኛው ጆሮዋን።

ልደቱ የሚባለው ጎረምሳ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ሚስቱ አራስ ናት። ሐሙስ ዕለት አራስዋን ከነጨቅላዋ በጋቢ ጠቅልሎ ያወጣት ግድግዳው ሲወድቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው የሚያድሩት፤ ጨቅላው ሳል ይዞታል። ርሆቦትን በፀጉሯ ይዞ ፍርስራሹ ላይ ጣላት። ሌሎቹ መጡ። ሴቶችም መጡ። በጫማ፣ በማገር፣ በቡጢ። ያነሳሽውን አውጪ አላት ልደቱ። ርሆቦት በፍርሃት የካሜራውን ክዳን ራሷ ከፈተችው። ፊልሙን ጎትታ ሰጠቻቸው። ልደቱ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ምንም የለበትም። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ጥቁር ጥብጣብ ብቻ።

«ይኸው ባዶ ነው» አለ ለሰዎቹ። «የኛን አስረክባለች። ይኼን ለማታለያ ነው የያዘችው።»

ርሆቦት ገና አልታጠበም፣ ሳይታጠብ አይታይም፣ አሁን ደግሞ ተቃጥሏል እያለች ለማስረዳት ሞከረች። አንዷ ሴት፣ ስሚ አንቺ ፊደል የቆጠርሽ፣ ፊልም እንደ ጨርቅ ታጥቦ ነው የሚታየው ብላ አላገጠችባትና በተሰበረ የጀበና አንገት ፊቷን አለቻት። ጉንጯ ተተረተረ።

ታደለች የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያየችው የሰው ጀርባ ነው፤ ቀጥሎ በሰዎቹ እግር መካከል የልጇን እጅ አየች። እጁ መሬቱን ይቧጥጣል። ልደቱ ፊልሙን እንደ ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ከኋላ ይጎትታል፤ የፊልሙ ጠርዝ ቆዳዋን በልቶ ደም በአንገቷ ዙሪያ እንደ ሐብል ይወርዳል። በሌላ እጁ የመጥረቢያ እጀታ ይዟል።

«ተናገሪ። ማነው የላከሽ?»

«ማንም» አለች ርሆቦት። ድምፅዋ ድምፅ አልነበረም።

ታደለች ሰዎቹን በክርኗ ሰንጥቃ ገባችና ልጇ ላይ ወደቀች። እጀታው ሲወርድ እጇን ዘረጋች። የጣቶቿ አጥንት ሲሰበር ራሷ ሰማችው፤ ደረቅ ጭራሮ ይመስል ነበር። ሕመሙ ኋላ ነው የመጣው። ማናት ይቺ አሉ። እናቷ ናት፣ የሾላዋ በርበሬ ሻጭ፣ ዲንቄ ጎኗ የምትቀመጠው፣ አለች አንዷ ከኋላ። ሰዉ አጉረመረመ፤ እርስ በርስም ተያየ። ሁሉም ነገር ግጥም ያለላቸው መሰላቸው።

ልደቱ ጎንበስ አለ። ላቡ ታደለች ፊት ላይ ጠብ አለ።

«እንግዲያው አንቺ ተናገሪ። ልጅሽን ማን ላካት? ስሙን ጥሪና ትተርፋለች። ካልጠራሽ እዚሁ ትቀራለች።»

ስም ነበራት። ሀሚድ ብትል እውነት ነው፤ ቤት አንሺ ያላት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በዓይኗ ላይ ሄደ። ይህ ሰው ሁሉ ዳገቱን ወርዶ ያን ረጋ ያለ ሰው ከመደርደሪያው ኋላ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ከነፎቶ ቤቱ ያቃጥለዋል። ማንም አልላካትም ብትል ደግሞ እጀታው እንደገና ይነሳል። ከሥሯ የልጇ ትንፋሽ ይቆራረጣል።

«እኔ ነኝ» አለች ታደለች።

ልደቱ ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የላክኋት። ጠመኔውም የኔ ነው። እሷ ምን እንደምትሠራ አታውቅም፤ ልጅ ናት፣ አታለልኳት። ቤት እንሰጥሻለን ብለውኝ ነው። ሰው መግደል ከፈለጋችሁ፣ ይኸው።»

ርሆቦት ከሥሯ እማዬ፣ እማዬ አይደለም፣ ለማለት ስትሞክር ታደለች በደህናው እጇ አፏን አፈነቻት። ከዚያ ዱላው ወደ እሷ ዞረ። ጀርባዋን፣ ሽንጧን፣ ጭንቅላቷን። በእግራቸው ገለበጧት። አንዱ አፏን በድንጋይ መታው፤ ጥርሶቿን ከአፈሩ ጋር ተፋች። ከልጇ ላይ ሊጎትቷት ሲሞክሩ ግን አልተላቀቀችም፤ እግሮቿን በልጇ እግሮች ዙሪያ ቆልፋ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የምታስታውሰው። ሰማዩን። የልደቱን ባዶ እግር። ከሩቅ የሚመጣ የሽማግሌ ድምፅ።

አባ ወልደ ሐዋርያት ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወጡ ቄስ ናቸው። የዳገቱ ሰው የነፍስ አባት ናቸው። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዝቻለሁ አሉ። ከዚህ በኋላ እጁን ያነሳ ግዝት ነው፤ የእኔን መስቀል አይሳለምም፣ ሲሞት አልፈታውም። ሰዎቹ እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። ሴቶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ልደቱ ግን አንዴ ደገመ፤ የታደለችን ጎን በእግሩ አላት። ከዚያ እጀታውን ጥሎ ፍርስራሹ ላይ ቁጭ አለና ማልቀስ ጀመረ። ጨቅላዬ እየሞተብኝ ነው አባ አለ። አባ ወልደ ሐዋርያት አላባበሉትም፣ አልተቆጡትምም።

ታደለችን ደግፈው አስቀመጧት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እውነት ይቺን ልጅ የላክሻት አንቺ ነሽ ብለው ጠየቋት። መስቀሉ ፊቷ ላይ ነበር። ታደለች በመስቀል አትምልም፤ ግን እግዚአብሔር የሚሰማ መሆኑን አትጠራጠርም። በውሸት ላይ ውሸት መጨመር ምን እንደሆነ ታውቃለች። የልደቱን እጀታም አየችው፤ አሁንም በእጁ አጠገብ ነው።

«አዎ፣ አባ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ብዙ አዩዋት። አምነዋት ይሁን አዝነውላት አልታወቀም። ከዚያ ለሰዉ ፍርዳቸውን ተናገሩ። ልጅቱ ዛሬውኑ ከዚህ አገር ትውጣ፤ ፀሐይ ስትገባ ፈረንሳይ ያገኛት ሰው የሚያደርጋትን እኔ መከልከል አልችልም። እናትዬዋ ቤቷ ትቀመጥ፤ ግን ዳገቱን እንዳትረግጥ። ደም ግን አይፈስም። ሰዉ እያጉረመረመ ተቀበለ።

ታደለች ለመነሳት ስትፍጨረጨር ዲንቄን አየቻት። ዲንቄ ደርሳ ከሰዎቹ ጫፍ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች ፊቷ ይናገራል። ታደለች በዓይኗ ልትነግራት ሞከረች፤ አንቺ ታውቂኛለሽ፣ ይህን እኔ አላደርገውም፣ ለማለት። ዲንቄ አጠገቧ ድረስ መጣች። ባልጠፋው ዓይኗ ቁልቁል አየቻት።

«አሁን መለስሽልኝ» አለችና ዞራ ወደ ፍርስራሿ ሄደች።

እናትና ልጅ ተደጋግፈው፣ የሚችሉትን እየተጓዙ፣ ያቃታቸውን በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ወረዱ። ዜኒቱ እዚያው ተሰባብሮ ቀረ። ሀሚድ አስፋልቱ ዳር ሲያያቸው ፎቶ ቤቱን እንደተከፈተ ትቶ ታክሲ አቁሞ ክሊኒክ ወሰዳቸው። ርሆቦት ጉንጯን እየተሰፋች የሆነውን ነገረችው። ሰውዬው ጭንቅላቱን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሳ። ዳገቱን እወጣለሁ አለ፣ ቤት አንሺ ያልኳት እኔ ነኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ የነገርኳትንም ሁሉ አስረዳቸዋለሁ።

«አትወጣም» አለችው ታደለች። አፏ አብጦ ቃሉ በግድ ነው የሚወጣው። «እኔ ውሸቴን እንደሆነ ካወቁ ልጄን ፍለጋ ይመጣሉ። ወንድሜ፣ ልጄን ካዘንክላት ዝም በል። እድሜ ልክህን ዝም በል።»

ርሆቦት አልተስማማችም። አልጋው ላይ እንደተቀመጠች፣ እኔ ቁጥር ጻፍኩ እንጂ ሰው አልሸጥኩም፣ አንቺንም ሰው ሸጠች እንዲሉሽ አልፈቅድም አለች። ለእትዬ ዲንቄ ብቻ ልንገራት፣ አንድ ጊዜ ልንገራት ብላ ለመነች።

ታደለች ልጇን መታ አታውቅም። ያን ቀን በተሰበረው እጇ ሳይቀር በጥፊ መታቻት። ሁለቱም ጮኹ፤ አንዷ ከጉንጯ ስፌት፣ ሌላዋ ከጣቶቿ።

«አንቺ ኑሪ» አለች ታደለች። «እኔ የሚሉኝን ይበሉኝ። አንቺ ብቻ ኑሪ።»

ፀሐይ ሳትገባ ሀሚድ ሐዋሳ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈራት። ሐዋሳ የታደለች እህት ጸጋ አለች። ርሆቦት ፊቷን በነጠላ ተከናንባ በመስኮቱ አየች፤ እናቷ እጇን ለማውለብለብ አንስታ፣ ሕመሙ ሲይዛት መልሳ አወረደችው።

ቱሉ በሚቀጥለው ሳምንት ሞተ። ዓይኑን ሳይገልጥ ሞተ። ታደለች የሰማችው መደቧ ላይ ተቀምጣ ነው፤ እጇ በጀሶ ነው፣ በርበሬ የምትሰፍረው በግራዋ ነው። ለቅሶ መድረስ አትችልም። ለዲንቄ ለቅሶ አለመድረስ ማለት ምን እንደሆነ አስባ፣ ቀን ሙሉ ሰው ሲገዛትም ሲከራከራትም መልስ የምትሰጠው ሌላ ሰው መስሏት ዋለች።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ዲንቄ ሾላ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ጉንጮቿ በጥፍሯ ተነጭተው ቆስለዋል። ከዳገቱ ሌሎች ሴቶች አብረዋት አሉ፤ ወንድ የለም። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀላቸው። ዲንቄ ታደለች ፊት ቆመች። ስንት ዓመት ከተቀመጠችበት ቦታ ማለት ነው። ጎንበስ አለች፣ ከጆንያው በእፍኟ በርበሬ ዘገነች፣ ታደለች ዓይን ውስጥ በተነችው። ደግማ ዘገነች። ታደለች ስትጮህ አፏ ውስጥ ጨመረችባት። ከዚያ መስፈሪያውን ጣሳ አነሳችና ፊቷን ትመታት ጀመር። የጣሳው ጠርዝ ቅንድቧን ከፈተው። ታደለች የሚታያት እሳት ብቻ ነበር። ትንፋሽ አጣች፣ አስመለሳት፣ መሬት ላይ ተንከባለለች። እጇን ለመከላከል አላነሳችም።

የጎን ነጋዴዎች ናቸው ዲንቄን ከላይዋ ያነሱላት። ዲንቄ ስትነሳ እያለቀሰች ነበር፤ እንባዋ ከበርበሬው ይሁን ከሐዘኗ አልተለየም።

«ጎረቤቴ ብቻ ብትሆኚ ኖሮ ባልገረመኝ ነበር» አለች። «እህቴ ነበርሽ።»

ታደለች አፏ ድረስ መጣላት። አንድ ቃል ነው። አይደለሁም ማለት ብቻ። ዲንቄ ታምናት ይሆናል፤ ምናልባትም አቅፋት ታለቅስ ነበር። ግን ከዲንቄ ኋላ የልደቱ አራስ ቆማለች፤ የሞተውን ጨቅላዋን ማዘያ አሁንም ወገቧ ላይ ታጥቃዋለች። ያቺ ሴት እውነቱን ከሰማች ልደቱ ማታውኑ ይሰማል፤ ሐዋሳ ለተቆጣ ሰው ሩቅ አይደለም። ታደለች የተከፈተ ቅንድቧን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች። ፖሊስ እንጥራ ያሏትን ነጋዴዎች ተዉአት አለቻቸው። ዓይኗን በወተት ያጠቡላት እነሱ ናቸው። ቀኝ ዓይኗ ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ አላየም።

ለገና ዳገቱ ታጠረ። ከተባረሩት ጥቂቶቹ የፍርስራሹን ቆርቆሮ ተሸክመው ወደ የካ አባዶ አቅጣጫ ሄዱ፤ ሌሎቹ የት እንደገቡ አልታወቀም። ልደቱና ሚስቱ ከአጥሩ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ እንደገና ማገር አቁመው ቀሩ። አባ ወልደ ሐዋርያት በዚያው ዓመት አረፉ። ሀሚድ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ማስተማር ተወ። ርሆቦት ሐዋሳ ሥራ ይዛ፣ አግብታ፣ እዚያው ቀረች፤ አዲስ አበባን አልረገጠችም። ዲንቄ ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ አገር ወደ ሱሉልታ ሄደች። ታደለች ፈረንሳይ ቀረች፤ እውነቱን ለማንም አልተናገረችም።